ኬልምስኮት፦ ዊልያም ሞሪስ በኪራይ የኖረበት ቤት

[ምስል፦ ቤቱ ከፊት ለፊት፣ ከአትክልቱ ስፍራ መግቢያ]

በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድሻየር፣ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ኬልምስኮት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚህች መንደር በ1570 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በአካባቢው ድንጋይ የተሠራው ይህ ቤት የመኳንንት መኖሪያ ቢመስልም ያሠራው በእርሻው የበለጸገ ገበሬ ነበር። የግድግዳ ወረቀትና የጨርቅ ንድፍ በማውጣት ስሙ የገነነው ዊልያም ሞሪስ፣ በ1871 ከሠዓሊው ከዳንቴ ጋብሪኤል ሮሴቲ ጋር ሆኖ ተከራየው። በሮሴቲና በሞሪስ ባለቤት በጄን መካከል ስለነበረው ቅርበት ብዙ ተጽፏል፤ ሮሴቲ በ1874 ለቆ ከሄደ በኋላ ግን ታሪኩ የሞሪስና የቤቱ ነው።

[ምስል፦ ጣሪያው በቅርበት]

ጣሪያውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የተነባበሩት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከታች፣ ከክፈፉ በኩል ሰፋፊ ናቸው፤ ወደ አናቱ በወጡ ቁጥር ደግሞ እያነሱ ይሄዳሉ። ሞሪስ ይህን አደራደር ከዓሣ ቅርፊትና ከወፍ ላባ ጋር ያመሳስለው ነበር። አሮጌ ሕንፃዎችን በእድሳት ስም መለወጥን የሚቃወም ማኅበር በ1877 ያቋቋመው ይኸው ሰው በመሆኑ፣ በተከራየው ቤት ላይ እጁን አለማብዛቱ አያስደንቅም።

[ምስል፦ “የእንጆሪ ሌባ” የተባለው ጨርቅ]

ከአትክልቱ ስፍራ እንጆሪ እየሰረቁ የሚበሉት ወፎች በ1883 ለወጣው ለዚህ ዝነኛ ንድፍ መነሻ ሆነዋል። አሠራሩ ትዕግሥት የሚፈትን ነበር፤ ጨርቁ በሙሉ በኢንዲጎ ሰማያዊ ከተነከረ በኋላ ንድፉ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ እንዲለቅ ይደረጋል፣ ቀጥሎም ቀዩና ቢጫው በየተራ ይታተማሉ። ይህ ሁሉ ብዙ ቀናት ስለሚፈጅ ጨርቁ ውድ ነበር። ተራው ሰው ውብ ነገር እንዲኖረው አጥብቆ ይሟገት የነበረው ሞሪስ፣ ተራው ሰው ሊገዛው የማይችለውን ጨርቅ ማምረቱን እኛም ሳንጠቅስ አናልፍም።

[ምስል፦ የሞሪስ መኝታ ክፍል]

ሞሪስ በ1896 ሲሞት ቤቱ ገና የሰው ነበር፤ የገዛችው ጄን ስትሆን እርሱም በ1913 ነው። ልጃቸው ሜይ እስከ 1938 ኖረችበት፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የለንደን የቅርስ ተመራማሪዎች ማኅበር ነው። በአሮጌው የእንጨት አልጋ ዙሪያ ሜይ የሞሪስን ግጥም በክር ጠልፋለች፤ በግጥሙ ውስጥ የሚናገረውም፣ ብዙ ዘመን ማየቱን የሚያወሳው አልጋው ራሱ ነው።