ማቅለጥ የማይወደው ብረት

(ምስል፦ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ በቅርበት)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የተለየ ብረት ነው፤ ጥቃቅን የኦክሳይድ ቅንጣቶች የተበተኑበት፣ ኦዲኤስ (ODS) ስቲል የሚባለው። ከቀለጠ ጥንካሬው ያልቅለታል።

መጀመሪያ የት እንደሚፈለግ እንይ። በፈጣን ኒውትሮን በሚሠራ የኒውክሌር ሬአክተር ውስጥ ነዳጁ የሚቀመጠው በእንዲህ ያሉ ቱቦዎች ነው። የግድግዳቸው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ከውጭ የቀለጠ ሶዲየም ያጥባቸዋል፣ ከውስጥ ጋዝ ይገፋቸዋል። ኒውትሮኑ ደግሞ አተሞቹን ከቦታቸው ያፈናቅላል። የሚፈለገው እያንዳንዱ አተም በአማካይ ከ100 ጊዜ በላይ ቢፈናቀልም የማይበገር ቱቦ ነው።

የተለመደው ስቴይንለስ ስቲል እዚህ ያብጣል። እብጠቱን የሚችሉ የክሮሚየም ብረቶች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ካለፈ ቀስ እያሉ ይለጠጣሉ።

(ምስል፦ የብረት ውስጠኛ መዋቅር)

መላው የተገኘው ከኢትሪየም ኦክሳይድ ነው፤ ኢትሪየም የተባለው ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደበት ዱቄት ነው። መጠኑ ከብረቱ ክብደት 0.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግን ቅንጣቶቹ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ስለሆኑ ቁጥራቸው ለጉድ ነው። በብረት ውስጥ የአተሞች ሰልፍ የተዛባባቸው መስመሮች አሉ፤ ብረት የሚለጠጠው እነሱ ሲንሸራተቱ ነው። መንዝ ውስጥ ድንጋያማ ማሳ ያረሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ማረሻው ድንጋይ በያዘው ቁጥር በሬዎቹ ይቆማሉ። ቅንጣቶቹም መስመሮቹን እንዲሁ ያስቆማሉ።

ሌላም ጥቅም አላቸው፤ እኔ እንዲያውም ይሄን አስበልጣለሁ። ኒውትሮን በብረቱ ውስጥ ሂሊየም ይፈጥራል። ሂሊየሙ አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ብረቱ ይሰባበራል። ቅንጣቶቹ ግን በየዳራቸው ይዘው፣ ጉዳት በማያመጡ ጥቃቅን አረፋዎች ይበትኑታል።

(ምስል፦ ብየዳ ቤት)

ታዲያ ብረቱን አቅልጦ ኦክሳይዱን መጨመር አይቀልም? እዚህ ከተማ ያለ ብየዳ ቤት ገብታችሁ እዩ። በያጁ ቱቦላሬውን በይዶ ሲጨርስ በመዶሻ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ጥቁር ቅርፊት ያነሳል። ቅርፊቱ ከኤሌክትሮዱ ሽፋን የመጣ ኦክሳይድ ነው። ከቀለጠው ብረት ስለሚቀል ተንሳፍፎ ላዩ ላይ ደረቀ። ኢትሪየም ኦክሳይድም ያው ነው። አንድ ኩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የቀለጠ ብረት 7 ግራም ገደማ። ተጓጉሎ ይንሳፈፋል፣ አለቀ።

መውጫውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢንተርናሽናል ኒኬል በተባለ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆን ቤንጃሚን ነው። እሱ ያሰበው ለጄት ሞተር የሚሆን የኒኬል ቅይጥ ነበር። ዘዴው ለእኛም ብረት ይሠራል፦ የብረት ዱቄትና የኦክሳይድ ዱቄት ከብረት ኳሶች ጋር በርሜል ውስጥ ይገባሉ። አየሩ ወጥቶ አርጎን በተባለ ጋዝ ይተካል። ከዚያ ማሽኑ ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጫል። በሁለት ኳሶች መካከል የገባ ዱቄት ይጠፈጠፋል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይጣበቃል። በመጨረሻ ኦክሳይዱ ፈርሶ ኢትሪየሙና ኦክስጅኑ በብረቱ አተሞች መካከል ይሰራጫሉ። ብረት በራሱ ፈቃድ ይህን ያህል ኢትሪየም አይቀበልም፤ በዱላ ነው የገባው።

ዱቄቱ በብረት ቆርቆሮ ታሽጎ፣ ጋዙ ተመጥጦ፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሞቆ በጠባብ ቀዳዳ ይገፋል። ያኔ ኢትሪየምና ኦክስጅን በብረቱ ውስጥ ካለው ቲታኒየም ጋር ተገናኝተው አዳዲስ ቅንጣቶች ይሆናሉ። ቲታኒየም ባይኖር ቅንጣቶቹ ይወፍራሉ።

ችግርም አለ። ሲገፋ የብረቱ ክሪስታሎች በርዝመት ይዘረጋሉ። ቱቦው ወደ ቁመቱ ጠንካራ፣ ወደ ዙሪያው ደካማ ይሆናል። ጋዙ የሚገፋው ደግሞ ወደ ዙሪያው ነው! ጃፓኖች 9 በመቶ ክሮሚየም ያለውን የመረጡት ለዚህ ነው። ሲሞቅ የአተም አደራደሩ ስለሚለወጥ ክሪስታሎቹ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ክሮሚየሙ ሲበዛ ዝገት ይችላል፤ ግን በ475 ዲግሪ አካባቢ ብዙ ከቆየ ይሰባበራል።

የቱቦውን ጫፍ መዝጋትም በተለመደው ብየዳ አይሆንም፤ ከቀለጠ ቅንጣቶቹ ይጓጎላሉ። ስለዚህ መክደኛውን በኃይል እየተጫኑ ኤሌክትሪክ ይለቁበታል፤ ብረቱ ሳይቀልጥ ይጋጠማል።

(ምስል፦ የተከፈተ የዱቄት ዕቃ)

የጃፓን ቱቦዎች ሩሲያ ውስጥ ቦር-60 በተባለው ሬአክተር ተሞክረዋል። የተሰበረም ነበር። ሲመረመር በብረቱ ውስጥ ያልተዋሐደ የክሮሚየም ቁራጭ ተገኘ። ክሮሚየሙ ለብቻው በዱቄት መልክ ስለተጨመረ በደንብ አልተፈጨም። ስለዚህ ብረቱንና ክሮሚየሙን አስቀድሞ አንድ ላይ አቅልጦ ዱቄት ማድረግ፣ ኦክሳይዱን ከዚያ በኋላ መፍጨት ተመረጠ።