ጥበቃው ያየውን ቴሌስኮፑ አላየውም

ውድ የሱሉልታ ነዋሪዎች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ከደጃችሁ ቀና ስትሉ እንጦጦን ታያላችሁ። ተራራው ላይ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ እናንተ ዓይን ላወራ ነው። ትልቅ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ቁራጭ በጣም ትንሽ ነው። ከጠፈር መጥቶ አየር ላይ የሚነድ ድንጋይ፣ ከአጥቢያ ኮከብ በልጦ የሚያበራ የእሳት ኳስ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፋል። ታዲያ ማን ያየዋል? ካፖርቱን ደርቦ የሚያድረው ጥበቃ፣ ለኪዳን የሚነሱት እናት፣ በጎጃም መንገድ ሌሊት የሚነዳው ሾፌር።

ጎረቤታችን ሱዳን የሆነውን ልንገራችሁ። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፣ 4 ሜትር ገደማ የሆነ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ድንጋይ፣ ኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ባለሙያዎች በ20 ሰዓት ገደማ ቀድመው አይተውታል። ግን ቴሌስኮፕ ድንጋይ አይለቅምም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ከውጭ ተመራማሪ ጋር ሆነው በዓይናቸው ያዩትን ሰዎች ጠየቁ። ከዚያ ተሰልፈው በረሃውን በእግራቸው አሰሱት። 600 ገደማ ስብርባሪ ተገኘ! ጠፈር ላይ እያለ ታይቶ፣ ከወደቀ በኋላ የተለቀመ የመጀመሪያው ድንጋይ ነው። ስሙ አልማሃታ ሲታ፣ ጣቢያ ስድስት ማለት ነው፤ በአካባቢው ባለ የባቡር ጣቢያ ተሰየመ። የተማሪዎቹን ሰልፍ ባሰብኩ ቁጥር ደስታዬ ወደር የለውም።

እኛ ብዙ ጊዜ «ከዚያ ጋራ ጀርባ ወደቀ» እንላለን። ዓይን ይሸውዳል። አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ የሚጠፋው ገና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እያለ ነው። ስለዚህ ወደ ጋራው አትሩጡ። የቆማችሁበት ላይ ምልክት አድርጉ። በየትኛው ምሰሶ በኩል ታየ? በየትኛው ጣሪያ በኩል ጠፋ? የአንድ ሰው ምስክርነት አቅጣጫ ብቻ ይሰጣል። ሰንዳፋ ያለ ሰው የራሱን ሲጨምርበት ግን ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ፤ ባለሙያው ከፍታውንና የመጣበትን መንገድ ያሰላል። ብርሃኑን ካያችሁ በኋላ ሰከንድ ቁጠሩ። ነጎድጓድ ከተሰማ፣ የቆጠራችሁት ሰከንድ ርቀቱን ይነግራል፤ ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል።

የሱቅና የግቢ ካሜራ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ። እኛ ማታ 3 ሰዓት የምንለውን ካሜራው 21 ይለዋል፤ የትኛውን እንደምትናገሩ ግለጹ። ሌላ ሳይቀረጽበት ቪዲዮውን ቶሎ ቅዱት።

ሌሊት ለምታድሩ ጥበቃዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ነው ያለው፤ ሳትወስዱ እንዳትሄዱ።