ሌሊት እግር ሲይዝ፦ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ከቅዳሴ በቀጥታ ለመጣችሁ፣ ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄዳችሁ እድሩን ግን ሳትለቁ አውቶቡስ ላይ ቆማችሁ ለደረሳችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ኮሚቴው ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ ርዕስ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ እናቶች፣ በር ላይ የምንገናኝ አባቶች ደጋግመው የሚነግሩኝ ስለ አንድ ነገር ነው፦ «ሌሊት እግሬን እያመመኝ እንቅልፍ አጣሁ።» ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ ስጠይቅ ግን መልሱ አጭር ነው። «ያመኛል በቃ። ብርድ ነው መሰለኝ። ነርቭ ነው ይሉኛል።»

ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመለወጥ ነው። ሌሊት እግር የሚያመው በብዙ ምክንያት ነው፣ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከምርመራው ሁሉ በፊት የሚጠቅማችሁ እግራችሁ ሌሊቱን ምን እንዳደረገ በትክክል መናገር ነው። መቼ ጀመረ? የት ቦታ? ያዘ ወይስ አቃጠለ? ስትነሱ ለቀቀ ወይስ ባሰ? አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም?

በብዛት ከሚገጥመን ልጀምር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው እንበል። በእንቅልፍ ልባችሁ ትንጠራራላችሁ፣ የእግራችሁ ጣቶች ወደ ታች ይዘረጋሉ። በዚያው ቅጽበት ባታችሁ ጭምድድ ይላል። እጃችሁን ብትሰዱ ከቆዳው ሥር የጠጠረ ነገር ትነካላችሁ። እሱ ጡንቻው ራሱ ነው፣ ተኮማትሮ አልፈታም ብሎ። አንዱን በሰከንዶች ውስጥ ይለቀዋል፣ ሌላውን እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ይይዘዋል። ጠዋት ደረጃ ስትወርዱ ባታችሁ የተደበደበ ያህል ያማል። ይህ የጡንቻ መኮማተር ነው። ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ ይበዛል፣ ነፍሰ ጡሮችንም በተለይ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ያስቸግራል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው፣ አስተማሪው፣ አስተናጋጁ፣ ጸጉር ሠሪዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ቆሞ ጉልት የሚሸጠው ሁሉ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለውም አይቀርለትም።

ለምን ሌሊት? ስንተኛ እግራችን በተፈጥሮው ጣቱን ወደ ታች ይጥላል፣ የባት ጡንቻም አጥሮ ያድራል። ያጠረ ጡንቻ ነርቩ ትንሽ ከነካካው በቀላሉ ይኮማተራል። እዚህ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከባድ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበን፣ ጠርዙን ፍራሽ ሥር አጥብቀን ወትፈን እንተኛለን። ያ ክብደት የእግራችንን መዳፍ ወደ ታች ሲጫን ያድራል። ሙቀቱን አትተዉት፣ በግርጌ በኩል ግን ልብሱን ላላ አድርጉት።

ብዙ ጊዜ ከዚህ መኮማተር ጀርባ ሌላ በሽታ አይገኝም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በጭንቀት የሚያድሩ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። «ሽባ ልሆን ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። አይደለም።

ሲይዛችሁ ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጉና የእግራችሁን ጣቶች ወደ ፊታችሁ ሳቡ። ያማል፣ ግን ይፈታል። መነሳት የምትችሉ አልጋውን ይዛችሁ ተረከዛችሁን መሬት ላይ ተጫኑ። በጨለማ ዘላችሁ አትነሱ፣ በተለይ አባቶች። ባቱ እስኪነጋ ይለቃል፣ በመውደቅ የተሰበረ ዳሌ ግን ወራት ይፈጃል። ከለቀቀ በኋላ ማሸትና በሞቀ ፎጣ መያዝ ሕመሙን ያስታግሳል።

እንዳይመለስስ? ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የሚሮጡትን ልጆች አይታችኋል። ሩጫቸውን ሲጨርሱ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ተደግፈው ባታቸውን ያፍታታሉ። እኛም ከመተኛታችን በፊት እሱን ነው የምናደርገው። ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አንድ እርምጃ ያህል ራቁ፣ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጉ፣ ጉልበቱ ቀጥ ይበል፣ ተረከዙ ከመሬት አይነሳ። ቀስ ብላችሁ ወደ ግድግዳው ስትጠጉ ባታችሁ ሲሳብ ይሰማችኋል። እዚያው ላይ እስከ 30 ቆጥራችሁ ልቀቁ። ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም ሌላውን እግር። መቆም የሚከብዳችሁ እናቶች አልጋ ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ፣ መቀነታችሁን በእግራችሁ መዳፍ ላይ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ደረታችሁ ሳቡ። ጭናችሁም ከኋላ በኩል አብሮ ይሳባል። በኔዘርላንድስ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ 80 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ከመተኛታቸው በፊት ባታቸውንና የጭናቸውን የኋላ ጡንቻ ለ6 ሳምንት ያፍታቱት ሰዎች ካላፍታቱት ይልቅ በሌሊት የሚይዛቸው ቀንሷል፣ ሕመሙም ቀሏል። ገንዘብ አያስወጣም፣ ጉዳት የለውም። በአንድ ሌሊት ለውጥ አትጠብቁ እንጂ ሳምንታት ስጡት።

አሁን ወደ መድኃኒት ልግባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አንዲት እናት ሁለቱም ባቶቿ በየሌሊቱ እየያዟት መጣች። ፌስታሏን ስትዘረግፍ የደም ግፊት ኪኒኗ መካከል የሚያሸናው ነበረበት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ አትቀምስም፣ ቅዳሴው ላይም ትቆማለች። የሚያሸና ኪኒን ከውኃው ጋር ፖታሲየምና ሌሎች ጨዎችን ከሰውነት ያወጣል። ሐኪሟ ደሟን አስመርምሮ መድኃኒቱን አስተካከለላት፣ እኔም ማፍታታቱን አሳየኋት። ይህን የነገርኳችሁ «የሚያሸናውን ጣሉት» ለማለት አይደለም! የግፊት መድኃኒት በገዛ ፈቃድ ማቆም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ይዛችሁት ሂዱና ጠይቁ ነው የምለው። ላሲክስ የምንለው ፉሮሰማይድም እንዲሁ ነው። የኮሌስትሮል ኪኒኖች እንደ አቶርቫስታቲን ያሉት፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞል፣ ኒፌዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒትም በአንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ ያስኮማትራሉ። የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ፣ ጉበታቸው የታመመ፣ የእንቅርት ሆርሞናቸው ያነሰባቸው፣ አልኮል የሚያዘወትሩም ይበዛባቸዋል።

ከጎረቤት ተበድሮ የሚዋጥ ኪኒን ደግሞ አለ። ለወባ ያገለገለ ኩዊኒን የሚባል የቆየ መድኃኒት ነው፣ ድሮ በብዙ አገር ለእግር መያዝም ይሰጥ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያም በ2010 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጉዳይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት ክፉኛ ሊቀንስ፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል፤ የሞቱ ሰዎችም አሉ። በሌሊት ለሚይዝ ባት ብሎ ማንም ኩዊኒን እንዳይውጥ። ሰው ለእግር መያዝ የሚውጠው ማግኒዝየም የሚባለው ማዕድን ይህን ያህል አያስፈራም፣ ዋጋው ግን አይቀመስም፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣም በሻንጣ ይመጣል። ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሚረባ ጥቅም የመስጠት ዕድሉ አነስተኛ እንደሆነ ደምድሟል። ለነፍሰ ጡሮች ውጤቱ የተምታታ ስለሆነ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ማግኒዝየምን ሳይጠይቅ ባይነካው ይሻላል።

አሁን ያልኩት ሁሉ ለሚጨመድድ ባት ነው። የአንዳንዶቻችሁ ግን አይጨመድድም። ማታ ጋደም ስትሉ እግራችሁ ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር አለ፣ ካላንቀሳቀሳችሁት አያስቀምጥም። ተነስታችሁ ክፍሉን ስትዞሩ ይተዋችኋል፣ ስትመለሱ ይመለሳል። ይህ ዕረፍት የሚያጣ እግር ነው፣ የተለየ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህ ሐኪም ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ ያዛል። የወር አበባ የሚበዛባቸው፣ ያረገዙና ኩላሊታቸው የታመመ ሴቶች ይህን ልብ ይበሉ። ብረት ቢያንሳችሁም መጠኑን ሐኪም ይወስን። ቡናችንን እወደዋለሁ፣ አቦሉም በረካውም ይጠጣ፣ ግን ምግብ እንደበላን ወዲያው ስንጠጣው ከምግቡ የምናገኘውን ብረት ይቀንስብናል። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። የማታውን ደግሞ እግሩ ዕረፍት የሚያጣ ሰው ቢተወው ይረዳዋል። እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖችም ይህን ሕመም ያባብሱታል።

የእግራችሁ መዳፍ የሚያቃጥላችሁ፣ መርፌ መርፌ የሚላችሁ፣ ካልሲ ሳታደርጉ ካልሲ ያደረጋችሁ የሚመስላችሁ፣ ስኳራችሁን ተመርመሩ። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ከጣቶች ይጀምራል፣ ሌሊት ይብሳል። ስኳር እንዳለባችሁ የምታውቁና ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዳችሁ ቫይታሚን ቢ12ም ይታይላችሁ፣ መድኃኒቱ ሊያሳንሰው ይችላል። ሰው ሁሉ እየሄደ የሚወጋው የነርቭ ቫይታሚን መርፌ የሚጠቅመው ቫይታሚኑ ያነሰውን ሰው ነው።

ሲጋራ የሚያጨሱ ወንድሞች ይህን ስሙኝ። ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጡ ባታችሁን አሞ የሚያስቆማችሁ፣ ቆም ስትሉ የሚተዋችሁ ከሆነ፣ ሌሊት ደግሞ የእግራችሁን መዳፍ አሟችሁ እግራችሁን ከአልጋ ወደ ታች ስታንጠለጥሉት የሚሻላችሁ ከሆነ፣ ደም ወደ እግራችሁ በሚገባ እየደረሰ አይደለም። ይህን በማፍታታት አታልፉት፣ ሐኪም የእግራችሁን ምት ይዳስስ። ሲጋራውን ማቆምም ከሕክምናው ዋነኛው ነው።

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ሕመሙም ቀንና ሌሊት የማይለይ ከሆነ፣ በተለይ ከወሊድ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ አልጋ ላይ ካዋለ ሕመም ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ፣ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ያ እግር አይታሽም! ወጌሻዎቻችን ለስንት ውልቃት ደርሰውልናል፣ አከብራቸዋለሁ። ይህን እግር ግን ወጌሻም፣ እኔም፣ ልጃችሁም መንካት የለብንም። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከገባ ይገድላል። ቀኑ ሳያልፍ ሆስፒታል ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ደቂቃ አትጠብቁ። አራስ ቤት ያላችሁ ይህን ለአራሷም ለአራሽዋም ንገሩ።

ስለ ጾም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጾሙም፣ ስግደቱም፣ ለሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳኑም ይቀጥል። ከተፈታ በኋላ እስክትተኙ ድረስ ውኃውን ከፋፍላችሁ ጠጡ፣ በሕማማት ከሰገዳችሁ ደግሞ ያን ሌሊት ባታችሁን ሳታፍታቱ አትተኙ። ልባችሁ ወይም ኩላሊታችሁ ታሞ ሐኪም የውኃ መጠን የወሰነላችሁ በተወሰነላችሁ ጽኑ።

ልጆች ማታ ማታ ሁለቱንም እግራቸውን አሟቸው አልቅሰው፣ ጠዋት ምንም እንዳልነበረ የሚሯሯጡ ከሆነ በአብዛኛው የዕድገት ሕመም ነው። አሸት አሸት ማድረግ ይበቃል። የሚያነክሱ፣ የሚያተኩሳቸው ወይም ሁልጊዜ አንዱን እግር ብቻ የሚያማቸው ከሆነ ጤና ጣቢያ ይታዩ።

ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት እንዳስታወቀው መድኃኒታችሁን በፌስታል ይዛችሁ የመጣችሁ በግራ በኩል ያለው ጠረጴዛ ጋ ተሰለፉ፣ የሥራ ባልደረባዬ የእያንዳንዱን ስም በወረቀት ይጽፍላችኋል፣ ያን ወረቀት ለሐኪማችሁ ታሳያላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ እንነሳ። ወንበር ወደ ኋላ፣ ሁላችንም ወደ ግድግዳው። እማማ፣ እርስዎ ተቀምጠው በመቀነቱ ያድርጉት፣ አጠገብዎ መጥቼ አሳይዎታለሁ። ቀኝ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዝ መሬት ላይ። በሉ፣ አብረን እንቁጠር።