የዲሴምበር ልጆች

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ መልማዮች፣ የታዳጊዎቹ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ታዳጊዎች ዓለም ዋንጫ ተናገር ስትሉኝ ስለ ዋንጫው የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ ልደት ቀን ነው።

በዋናው የዓለም ዋንጫ ፔሌ በ17 ዓመቱ፣ ሮጀር ሚላ በ42 ዓመቱ ጎል አግብተዋል። ዕድሜህ ስንት ነው ያላቸው የለም። በታዳጊዎቹ ውድድር ግን መስመር አለ። በ2025 ኳታር ላይ ለተካሄደው ከ17 ዓመት በታች ውድድር መስመሩ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ነበር። ከዚያ በአንድ ቀን የቀደመ አይገባም። በዚያች ቀን የተወለደውና በዲሴምበር መጨረሻ የተወለደው ግን ሁለቱም የ2008 ልጆች ተብለው አንድ ላይ ይፈተናሉ።

በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። አንዱ ጢም ጀምሮታል፣ ሌላው ገና ጩጬ ነው። ለጭንቅላት ኳስ ሲዘሉ ማን እንደሚያሸንፍ ለእናንተ አልነግርም። እኛም ፈርጠም ያለውን እንመርጥና "ተሰጥኦ አለው" እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ያየነው የወራት ብልጫ ነው። በብዙ አገሮች የታዳጊ ቡድኖች ዝርዝር ሲታይ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት ይበዛሉ። የዲሴምበር ልጆች የት ሄዱ?

ይህን ሳናውቅ ነው የምናደርገው። አውቆ የሚደረገው ደግሞ ሌላ ነው። ሜክሲኮ በ1988 ለታዳጊዎች ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን አሰለፈች። ተደረሰባትና ለሁለት ዓመት ታገደች። ዋናው ቡድኗም ጥፋቱ ሳይኖርበት የ1990ው የጣሊያን ዓለም ዋንጫ አመለጠው። ፊፋ ከ2009 ወዲህ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ ኤምአርአይ በሚባለው የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ ምስል ያስመረምራል። አንጓው አጠገብ ያለው የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከተገኘ፣ ወረቀቱ የሚለው ዕድሜ ያጠራጥራል። በሌላው የታዳጊዎች ዓለም ዋንጫ፣ ከ20 ዓመት በታች በሚካሄደው፣ ይህ ብዙም አይረዳም፤ የአብዛኞቹ አጥንት ቀድሞ ገጥሟል። እዚያ ያለን የእኛው ታማኝነት ነው፣ እሱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጣደፍ አይገባኝም፤ የታዳጊነት ድል ለኋላው ዋስትና አይደለም። በ2009 ጋና ብራዚልን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ከ20 ዓመት በታች ዋንጫን ያነሳች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። ዶሚኒክ አዲያ 8 ጎል አገባ፣ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ኤሲ ሚላን ወሰደው፤ በሊግ ግን አንድም ጨዋታ አላሰለፈውም። ልጁን ለማሳነስ አይደለም፣ ያ ቡድን ያደረገው ትልቅ ነገር ነው። በ2005ቱ ከ20 ዓመት በታች ውድድር ደግሞ አርጀንቲና የመጀመሪያ ጨዋታዋን በአሜሪካ 1 ለ 0 ስትሸነፍ፣ በልጅነቱ የእድገት ሆርሞን ይወጋ የነበረው ሊዮኔል ሜሲ የጀመረው ከተጠባባቂ ወንበር ነበር። ፍጻሜው ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለት ጎል አግብቶ ናይጄሪያን አሸነፈ፤ ኮከብ ተጫዋችም ኮከብ ግብ አግቢም ሆነ። አሰልጣኙ በቁመቱ ፈርዶበት ከቡድኑ ቢያስቀረው ኖሮስ?

አሁን በሩ ሰፍቷል። ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ሳለ በ2007 የተወለደ ልጅ ዕድለ ቢስ ነበር፤ በ2023 በአንድ ዓመት ከሚበልጡት ጋር ይጋፋል፣ በ2025 ደግሞ ዕድሜው አልፎበታል። ከ2025 ጀምሮ ግን ከ17 ዓመት በታቹ በየዓመቱ ይካሄዳል፣ ተሳታፊዎቹም ከ24 ወደ 48 ቡድን አድገዋል። ሰበብ የለንም።

አሰልጣኞች ሆይ፣ በምልመላ ቀን የማልያ ቁጥሩን በዕድሜ ቅደም ተከተል ስጡ። 1 ቁጥር ትልቁ፣ የመጨረሻው ቁጥር ትንሹ ይሁን። ልጁ ኳስ ሲነጠቅ ጀርባውን ታያላችሁ፣ ፍርዳችሁም ይስተካከላል። መልማዮች ላይ ተሞክሮ የሠራ ዘዴ ነው፣ ወጪም የለውም። ወላጆች ደግሞ፣ "ሁለት ዓመት ብንቀንስለት" የሚላችሁ ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት። ያንን የውሸት ዕድሜ ተሸክሞ የሚኖረው ልጃችሁ እንጂ እሱ አይደለም።

የነገው ልምምድ በጠዋት ስለሆነ አላቆያችሁም። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ። አመሰግናለሁ።