ካሳ፦ ሁለት ነገሥታት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተዉት ስም

[ጥቁር መደብ። በነጭ ፊደል «ካሳ» የሚለው ቃል ብቻ ይታያል።]

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቡነ ሰላማ አንድ የቋራ ሰው ቀብተው አነገሡ። በጥር 1864 ዓ.ም. ደግሞ አክሱም ላይ አቡነ አትናቴዎስ አንድ የተምቤን ሰው ቀብተው አነገሡ። በሁለቱ ሥርዓተ ንግሥ መካከል 17 ዓመት ያህል አልፏል። ሰዎቹ በትውልድም በአገርም በጠባይም አይገናኙም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገቡ የሚጠሩት በአንድ ስም ነበር፤ ሲወጡ ግን ያ ስም በላያቸው አልነበረም። ካሳ ተብለው ገቡ፤ አንደኛው ቴዎድሮስ፣ ሁለተኛው ዮሐንስ ተብለው ወጡ።

የዛሬው ዝግጅታችን እነርሱ ደጃፍ ላይ ስለተዉት ስም ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ መሆኑን ተመልካቾቻችን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

አስቀድሞ ቃሉን ከሚመስሉት ቃላት እንለየው። «ከሳ» ሥጋው የጎደለ፣ የቀጠነ ማለት ነው፤ «ክስ» ደግሞ ከሰሰ ከሚለው ግስ የተገኘ የፍርድ ቤት ቃል ነው። «ካሳ» ከሁለቱም የተለየ ሲሆን፣ ካሰ ከሚለው ግስ ተገኝቶ ለጠፋ፣ ለተበደለ ወይም ለፈሰሰ ነገር የሚከፈል ምትክ ማለት ነው። ከብቱ የሰው ማሳ የበላበት ገበሬ ካሳ ይከፍላል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ዘመዶች ሽማግሌዎች በዳኙት መጠን የደም ካሳ ከፍለው ከሟች ወገን ጋር ይታረቃሉ። ዛሬም ቤቱ በመንገድ ሥራ የሚፈርስበት የከተማ ነዋሪ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ክፍያ በዚሁ ቃል ይጠራል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ ቃሉ ከዚህ ሁሉ ከፍ ብሎ፣ ጌታ ለአዳም በደል የከፈለውን ዋጋ ለማመልከት ይነገራል። በትግርኛ ቃሉ ካሕሳ ሲሆን፣ ካሕሳይ የሚባለው የትግራይና የኤርትራ ወንድ ልጅ መጠሪያም የዚሁ ስም ወንድም ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ የሸንጎና የዕርቅ ቃል እንዴት የሕፃን ስም ሊሆን ቻለ?

[የገጠር ቤት፤ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች።]

መልሱ ከሐዘን ቤት ይገኛል። በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ ወላጅ ለልጁ የሚያወጣው ስም ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልጁ በተወለደበት ሰሞን ቤቱ የነበረበትን ሁኔታ ይናገራል። ልጅ ቀብረው ሳለ ሌላ የተወለደላቸው፣ ወይም አባት በሞተ ማግሥት ወንድ ልጅ ያገኘች እናት፣ የተወለደውን ካሳ ይሉታል። በዚህ ስም ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ የሚጠራው፣ ሌላው የማይጠራው። ከሌሎቹ የደስታና የተስፋ ስሞች፣ ከአበበና ከደስታ፣ ከታደሰና ከተስፋዬ የሚለየውም በዚህ ነው፤ እነዚያ ስለ ልጁ ይናገራሉ፤ ካሳ ግን ልጁን እየጠራ ስለ ሌላ ሰው ይናገራል። ስሙ በተነሣ ቁጥር የጎደለው ሰው አብሮ ይነሣል፤ በጓሮ የሚጫወተው ልጅ ግን «አቤት» ብሎ የሚመጣው ለራሱ የተጠራ መስሎት ነው። በዚህ ስም ላይ ይህን ያህል ለመቆየት የወደድነውም ስለዚህ ነው።

ስሙ ብቻውን አይደለም፤ ትልቅ ቤተሰብ አለው። ካሳሁን ልጁን በትእዛዝ ቃል «ካሳ ሁን» ይለዋል። ካሳዬ «የእኔ ካሳ» እያለ ያቅፈዋል፤ ካሳነሽ የሴት ልጅ ነው። በሌላ ግስ ደግሞ ተካ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ ይባላል፤ የመጨረሻው ለልጁ ሳይሆን ለፈጣሪ የሚነገር ልመና ነው። ማስረሻ የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሆኖም ማስረሻ ሐዘንን ለማስረሳት የሚሻ ሲሆን፣ ካሳ ግን የጠፋውን አይረሳም። ካሳ የሚከፈለው ጥፋቱን ሁሉም ሲያምንበት ነውና።

ካሳ የዓለም ስም እንጂ የክርስትና ስም አይደለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ካህኑ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ በቅዳሴም በፍትሐትም የሚነሣው ያኛው ነው። ለጦር ሰዎችና ለመኳንንት ደግሞ የፈረስ ስም ይጨመራል፤ የነገሠም ሰው የመንግሥት ስም ይይዛል። አንድ ሰው በሕይወቱ አራት ስም ሊሸከም ይችላል ማለት ነው፤ ከአራቱ ውስጥ እናት ያወጣችው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

[ካርታ፦ ቋራ፣ ጎንደር፣ ደረስጌ፣ መቅደላ።]

አሁን ወደ መጀመሪያው ካሳ እንመለስ። ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ከአባታቸው ከኃይለ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ተወለዱ። የእናትየው ስም ራሱ ማለፊያ ነው፤ ያወጣላት ሰው ልጅቱን አይቶ አለመጥገቡን ይናገራል። ካሳ በልጅነታቸው ለትምህርት ገብተውበት የነበረው ገዳም በጦርነት በተሸነፈ መስፍን ሠራዊት ተጠቅቶ በርካታ የቆሎ ተማሪዎች ሲያልቁ እርሳቸው አምልጠዋል። ስሙ ሲወጣ የታሰበው ስለ ሌላ ሟች ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ላለቁት ጓደኞቻቸው ሁሉ ሆነ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽፍትነትና የጦርነት ታሪክ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ካሳ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በመጨረሻም ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው በድሉ ሰሞን እዚያው ነገሡ። ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት በአጋጣሚ አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ፣ ከመከራ ዘመን በኋላ ተነሥቶ በፍትሕና በሰላም የሚገዛ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚመጣ ተጽፏል፤ መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ የኖረው ሕዝብም ይህን ስም ሲጠብቅ ነበር። ስለዚህ ካሳ የጎደለውን የሚያስብ የቤት ስማቸውን ትተው፣ የሚመጣውን የሚናገር ስም ያዙ።

ሕዝቡ ግን አሮጌውን ስም አልጣለም። አዝማሪውና አልቃሹ «መይሳው ካሳ» ሲላቸው ኖሯል፤ የፈረሳቸውን ስም ይዞ «አባ ታጠቅ» ይላቸዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲወጣ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ፤ ሕዝቡም በለቅሶ ግጥሙ የተጣራው ብዙውን ጊዜ በእናታቸው ቤት ስም ነው። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ፍቅር እቆጥረዋለሁ፤ የዙፋን ስም ይፈራል፣ የቤት ስም ግን የሚለቀስለት ነው።

[ካርታ፦ ከዙላ እስከ መቅደላ የሚወስደው መንገድ በቀይ መስመር ይሠራል።]

ያ የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ለመድረስ በትግራይ ማለፍ ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ ትግራይን የያዘው ገዢም ደጃዝማች ካሳ ይባል ነበር። ካሳ ምርጫ በ1829 ዓ.ም. ገደማ በተምቤን ማይ ቅነጣል፣ ከሹም ተምቤን ምርጫና ከወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ተወለዱ። በየካቲት 1860 ዓ.ም. ከጦሩ አዛዥ ከጄኔራል ናፒየር ጋር ተገናኝተው ለሠራዊቱ መንገድና ስንቅ ፈቀዱ። አንዱ ካሳ የሌላውን ካሳ ጠላት በአገሩ አሳለፈ። ጦሩ ሲመለስ ስለዚሁ ውለታ መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃዎች ሰጥቷቸው ሄደ። በዚያ መሣሪያና በሠለጠነ ጦር አማካይነት በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሰም ላይ፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት አሸነፉ፤ ተክለ ጊዮርጊስ የገዛ እኅታቸው የድንቅነሽ ባል ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ዮሐንስ 4ኛ ተብለው በአክሱም ነገሡ።

ይህን ውል ዛሬ ላይ ሆኖ በአንድ ቃል መፍረድ ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን ቀሪው ሕይወታቸው አብሮ ሊታይ ይገባዋል። ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ድል ነሥተዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞተዋል። ሁለቱ ካሳዎች እንደ ንጉሥ ተጣልተው አያውቁም፤ በአገዛዝም በሃይማኖት ፖለቲካም መንገዳቸው ይለያያል፤ አሟሟታቸው ግን ይቀራረባል፤ ሁለቱም የውጭ ጠላት በመጣበት ስፍራ ወደቁ። እርሳቸውንም ሕዝቡ በፈረስ ስማቸው «አባ በዝብዝ ካሳ» ማለቱን አልተወም።

ከነገሥታቱ በኋላ ስሙ በልዩ ልዩ ቤት ይገኛል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ካሳ ወልደማርያም ይባሉ ነበር። ካሳ ተሰማ በክራሩና በድምፁ በንጉሡ ዘመን ታዋቂ ነበር። በዘመናችን በሰፊው ከሚታወቁት ድምፃውያን አንዱ የሆነው ቴዎድሮስ ካሳሁን ደግሞ፣ በአንድ ሙሉ ስም ውስጥ የደረስጌውን ዕለት ሁለቱንም ወገን ይዟል፤ አባቱ ካሳሁን፣ እርሱ ቴዎድሮስ።

[የቆየ ፎቶግራፍ፦ ፂማቸው የጠቆረ፣ ካባ የለበሱ መኰንን።]

ከሁሉ ይልቅ ግን በራስ ካሳ ኃይሉ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ስማቸውና የአባታቸው ስም ከቋራው ካሳ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ማዕረጋቸው ካልተጨመረ አድማጭ ይሳሳታል። ይሁን እንጂ አባታቸው የላስታው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ፣ እናታቸውም የራስ ዳርጌ ልጅ ወይዘሮ ትሰሜ ናቸው። በራስ ዳርጌ በኩል የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ ስለሆኑ ለዙፋኑ ቅርብ ነበሩ፤ ነገር ግን ተፈሪ መኰንንን ተቀናቅነው አያውቁም፤ ይልቁንም በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከእርሳቸው ወገን ቆመው ተዋግተዋል። ሁለቱ ካሳዎች ዙፋን ለመያዝ ስማቸውን ለውጠዋል፤ ሦስተኛው ስማቸውን ይዘው ዙፋኑን ለሌላ ተዉ።

ጣሊያን ሲወር የሰሜኑ ግንባር አዛዥ ሆነው ዘመቱ። በጥርና በየካቲት 1928 ዓ.ም. የተዋጉት ተምቤን ላይ ነው፤ አጠገባቸው የተሰለፉት ራስ ሥዩም መንገሻ ደግሞ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ነበሩ። ካሳ ምርጫ በተወለዱበት አገር፣ የካሳ ምርጫ የልጅ ልጅና ካሳ ኃይሉ ጎን ለጎን ሆነው በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ፊት ቆሙ። ጦሩ ተፈታ፤ ራስ ካሳም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። ልጆቻቸው በአርበኝነት አገር ውስጥ ቀሩ። በ1929 ዓ.ም. ወንድወሰን ካሳ ተይዘው ተገደሉ፤ አበራ ካሳና አስፋ ወሰን ካሳም እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ለሞተ ሰው ምትክ እንዲሆን በሚወጣ ስም ሲጠሩ የኖሩ አባት፣ በአንድ ዓመት የሦስት ወንዶች ልጆች መርዶ በባዕድ አገር ሰሙ።

የአገራችን ስም ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው፤ በልጅ ልጁ ግን ወደ ሦስተኛ ቦታ ይሄዳል፤ ከዚያም ይወርዳል። ወደ ውጭ አገር በሄዱ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ፓስፖርት ላይ መጨረሻ የሰፈረው የአያት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ትርጉሙን ያልሰሙ ልጆችም በትምህርት ቤት በካሳ ይጠራሉ። በአገር ቤት ልማድ ግን ስሙ ይቆማል፤ የራስ ካሳ ቤትም ይህንኑ ያሳያል። ራስ ካሳ በ1949 ዓ.ም. ሲያርፉ የተረፉላቸው ልጅ አስራተ ካሳ ነበሩ፤ እርሳቸውም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት ጋር ተረሸኑ። የእርሳቸው ልጅ በጀርመን አገር የሚኖሩና በጀርመንኛ መጻሕፍት የጻፉ ሲሆኑ፣ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ካሳ የሚለው ስም የለም። የተጻፈው አስፋ ወሰን አስራተ ተብሎ ነው፤ አስፋ ወሰን ደግሞ ፍቼ ላይ ከተገደሉት ወንድማማቾች የአንዱ ስም ነው።