ከቀዶ ጥገናው ማግስት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ ሐኪሞችና መምህራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የካቲት 24፣ የዓለም የመስማት ቀን ነው። የተሰበሰብነው ኮክሌር ኢምፕላንት የተባለው፣ በቀዶ ጥገና የሚገጠም የመስሚያ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ልጆቻችን ነው። ብዙዎቻችሁ እጃችሁን የምትዘረጉት ለቀዶ ጥገናው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልን። እኔ ግን የመጣሁት ከዚያ በኋላ ላለው ልለምናችሁ ነው።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከቆዳ ሥር ይቀበርና ቀጭን ሽቦው እስከ ውስጠኛው ጆሮ ይዘልቃል። ሌላው ከጆሮ ጀርባ ይንጠለጠላል፤ ድምፅ እየተቀበለ፣ ጭንቅላት ላይ በማግኔት በምትጣበቅ ክብ ነገር አማካይነት ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ይህ የውጪው ክፍል ባትሪ ይጨርሳል፣ እርጥበት ይጎዳዋል፣ ገመዱ ይበጠሳል። ልጅ ደግሞ ይሮጣል፣ ይወድቃል። ገመዷ የተበጠሰች ቀን ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ጆሮ መስማት ያቆማል። ልጁም መለዋወጫ ከውጭ አገር እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ያውም አፉን በሚፈታበት ዕድሜ!

መሣሪያው የገባ ዕለትም ልጁ አይሰማም። ብዙውን ጊዜ ቁስሉ እስኪሽር ሳምንታት ተጠብቆ ነው የሚበራው። ከዚያ በኋላ ባለሙያ ደጋግሞ ያስተካክለዋል፤ የንግግር ሕክምናው ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። የበር መንኳኳት ምን እንደሆነ፣ ስሙ ሲጠራ እሱ መሆኑን ልጁ አንድ በአንድ ይማራል። ባለሙያው ያለው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ከደሴ ወይም ከጎንደር ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት የአውቶቡስና የማደሪያ ካጣች ትቀራለች፤ ማንም አይፈርድባትም።

ጊዜም አይጠብቀንም። ሳይሰማ የተወለደ ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢገጠምለት ውጤቱ እጅግ የተሻለ ነው። ማጅራት ገትር መስማትን ሲነጥቅ ደግሞ የውስጥ ጆሮው በወራት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ ሽቦውን ማስገባት ይከብዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ኢምፕላንት ለሁሉም ልጅ አይሆንም። የመስማት ነርቭ ለሌለው ልጅ አይሠራም። ለተገጠመለትም ቢሆን የምልክት ቋንቋን አትከልክሉት፤ መሣሪያው ሲወልቅ፣ ሲታጠብ፣ ሲተኛም የሚያወራበት ቋንቋ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለአንድ ልጅ ቃል ስንገባ ባትሪውን፣ መለዋወጫውን፣ የእናቱን የመንገድ ገንዘብ ጨምረን እንግባ። ያንን መሸፈን ካልቻልን፣ የልጆቹን ቁጥር ቀንሰን የጀመርናቸውን እስከ መጨረሻው መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። በየጠረጴዛችሁ ባለው ቅጽ ላይ «አንድ ጊዜ» እና «በየወሩ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ትንሽም ብትሆን «በየወሩ» የሚለውን ሙሉልን።