ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ወላጆችም እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ነርስ ነኝ፤ በዚህ ክረምት አማርኛ ለሚናገሩ ልጆች በሚሰጠው የጤና ሥልጠና የማስተምራችሁ እኔ ነኝ። የማወራችሁ ግን ነርስ ከመሆኔ በፊት ስለነበረው ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እማዬን አሟት ሐኪም ቤት ሄድን፤ አስተርጓሚ የጠራልን የለም፣ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጠዋት ስምንት፣ ማታ ስምንት ትውሰድ አለ። እኔም እንዳለ «እማዬ፣ በቀን ሁለቴ፣ ስምንት ሰዓት ላይ» አልኳት። እሷ ስምንት ሰዓት ሲባል የምታውቀው የሀበሻውን ነው። አንዱን ከምሳ በኋላ፣ ሌላውን የስልኳን ደወል ሞልታ በውድቅት ሌሊት እየተነሳች ትውጥ ነበር። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ክኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ ወጥ ቤት ቆማ አገኘኋት። «ሰዓቱ ደርሶ ነው» አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም።

ወላጆች፣ ይህን ያዙልኝ። እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ደንቡ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ልጅን ማስተርጎምን በግልጽ ከልክሏል። ስለዚህ ልጃችሁን ከክፍል አታስወጡ። «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፣ አትፈሩ።

ታዲያ አማርኛ የሚችል ነርስ ምን ያደርጋል? አስተርጓሚው በስልክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ነርሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ናት። ስኳር ያለባት እናት ኢንሱሊኗን ወስዳ፣ ፍልሰታ ነው ብላ ቁርሱን ስትመልስ፣ ስኳሯ ወርዶ ላብ ሳያጠምቃት በፊት የሚነቃ ሰው ያስፈልጋል። «ምች መታኝ» ስትል፣ «ልቤን አቃጠለኝ» ስትል፣ ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የቤት አማርኛ ብቻውን አይበቃም። «ቡና አፍይልኝ» የምንባባልበት አማርኛ ጉበትና ኩላሊት ላይ ሲደርስ ያልቅብናል። ቆሽት የት እንዳለ የምታውቁ ስንት ናችሁ? ፓንክሪያስ ብላችሁ ግን በባዮሎጂ ፈተና ጽፋችሁታል። በዚህ ክረምት የአካል ክፍሎችን በሁለቱም ቋንቋ እንማራለን፣ ደም ግፊት እንለካለን፣ የቆመ ልብ ለማስነሳት ደረት መጫን እንለማመዳለን። እንግሊዝኛችሁ ጎበዝ ሆኖ አማርኛችሁ ከደከመ፣ ወይም አዲስ መጥታችሁ ነገሩ ተገልብጦ ከሆነ፣ አትፈሩ፤ ሁለታችሁንም ጎን ለጎን ነው የማስቀምጣችሁ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ብዙ ነው። የነርስ ረዳት ለመሆን የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ውስጥ 16ቱ የተግባር፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ስቴቶችም አሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የሁለት ዓመት የነርሲንግ ትምህርት ጨርሶ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና አልፎ ነርስ መሆንም ይቻላል። የባችለር ዲግሪውን እየሠሩ መጨመር ይቻላል፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው ያደረግነው።

ዛሬ ማታ የቤት ሥራ አለ። እቤት ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱን ፈቃድ ጠይቁና መድኃኒታቸውን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወስዱ እንዲነግሯችሁ አድርጉ፤ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ራሳችሁ አታስተካክሉ፣ ፋርማሲው ጋ ደውሉ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንገናኝ። በሀበሻ ሰዓት።